አምስት የወንበር ልብስ

መኪናው ገና አልተገዛም፤ የወንበር ልብሱ ግን ታጥቦ ተሰጥቷል። አንጣፊዋ ቅዳሜ ጠዋት ከጓሮ ክፍሏ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ፣ ገመዱ ላይ አምስት አዳዲስ የወንበር ልብሶች ጎን ለጎን ተንጠልጥለው አየች፤ ቡናማ፣ ጠርዛቸው በቀይ ክር የተሰፋ፣ ወፍራም ስፖንጅ ያላቸው። አንድ፣ ሁለት ብላ ቆጠረች። አራትም አይደሉም፣ ስድስትም አይደሉም። ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ቁጥር አያመልጠውምና አምስት ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሦስት፤ ደብል ጋቢና ነው። ወንድሟ ወስኗል ማለት ነው። እሷ ደግሞ እስከ ትናንት ማታ ድረስ ገና እየመረጡ ያሉ ይመስላት ነበር።

የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር። ፎጣዋን ፊቷ ላይ እንዳደረገች ባለችበት ቀረች፤ የሰው ወሬ ማድመጥ ነውር መሆኑን ታውቃለች፣ ይህ ግን የራሷ ወሬ ነውና ሰማች። እትዬ፣ የወንድሟ ሚስት፣ ብርጭቆ እያጠበች "ለመሆኑ እሷ ምን አለች?" ብላ ጠየቀች። ወንድሟ ጋሼ ጫማውን እየጠረገ መሆን አለበት፣ የብሩሹ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ፣ "እሷ ስለ መኪና ምን ታውቃለች? የምታውቀው ወለል ነው" አለ። በክፋት አልነበረም ያለው። ዛሬ ፀሐይ ናት እንደሚል ሰው ነው ያለው፤ አንጀቷን ቅጥል ያደረገውም ይኸው ነው። የቀረው በዝርዝር ወጣ። ውሉ በእሱ ስም ይሆናል፤ በሴት ስም የተመዘገበ መኪና ዓይን ይበዛበታል፣ መንገድ ላይም በየቦታው ያስቆሙታል። በሳምንት ሁለት ቀን ሴራሚኳንና ሲሚንቶዋን ራሱ እየነዳ ያደርስላታል። በቀሩት ቀናት መኪናው እዚሁ ግቢ ይቆማል፤ እትዬ ገበያ ትሄድበታለች፣ ዘመድ ይጠየቅበታል፣ ለቅሶም ሰርግም ሲመጣ የሰው መኪና ከመለመን ይገላገላሉ። "እሷም ብትሆን ወዴት ትሄዳለች" አለች እትዬ። ቧንቧው ተዘጋ፤ ወሬውም በዚያው አለቀ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የራሷም ነበር። ከስድስት ወር በፊት፣ ራት በልተው ሲያበቁ፣ "ጋሼ፣ አንተ መኪና ታውቃለህ፤ እስቲ ፈልግልኝ" ያለችው እሷው ናት። በዚያ ቤት "ፈልግልኝ" እና "ግዛልኝ" በሚሉት ቃላት መካከል የአንድ ጣት ክፍተት እንደሌለ መርሳት አልነበረባትም። አባታቸው ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ደብተር የገዛላት፣ ወላጅ አምጪ ስትባል ትምህርት ቤት የቆመላት፣ ስትታመም በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። አርባ ሦስት ዓመት ሞልቷት፣ ፀጉሯ ግራና ቀኝ ሸብቶ፣ ዛሬም "ሚጣ" ነው የሚላት። ሚጣ ደግሞ መኪና አትመርጥም።

ገንዘቡን ያገኘችው ግን ከዚያው ከምታውቀው ወለል ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጉልበቷ እየዳኸች የሌላ ሰው ሳሎን፣ የሌላ ሰው መታጠቢያ ቤት፣ የሌላ ሰው ደረጃ አንጥፋለች። ጠዋት ስትነሳ ሁለቱም ጉልበቶቿ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ይጮኻሉ። በመጪው ሰኞ የአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ክሊኒክ ወለል ትጀምራለች፤ እስከ ዛሬ ካገኘችው ሥራ ሁሉ ትልቁ ነው። ተቋራጩ ግን ቁርጡን ነግሯታል፤ ዕቃሽን በራስሽ መኪና በቀኑ ካላቀረብሽ ሌላ አንጣፊ ሞልቷል። አምና የአንድ ሆቴል ሥራ ያመለጣት በኪራይ መኪና ነው፤ ሾፌሩ ዛሬ ነገ ሲላት ሁለት ቀን ፈጀ፣ በሦስተኛው ቀን ስትደርስ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ተንበርክኮ አገኘች። የሴራሚክ መጋዘኑ ከከተማው ዳር፣ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ስለዚህ የምትፈልገው መኪና ምን መሆን እንዳለበት ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ነዳጅ የማይጠጣ፣ ስድስት መቶ ኪሎ የሚችል፣ ካሶኒው ማለትም የጭነት ሣጥኑ ዝቅ ያለ፣ እሷና ሲሚንቶ የምታቦካላት ሴትዮ ብቻቸውን ሊጭኑበት የሚችሉት። ቢያምር ባያምር ግድ አልነበራትም።

ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ከአራት ወር በፊት መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ወደ ሥራ የማለደች እየመሰለች፣ ሌላው ሰው ፊቱን ሳይታጠብ እሷ ማሠልጠኛው መኪና ላይ ትወጣ ነበር። ካርዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ መሣሪያ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ወለል ከምታስተካክልበት ውሃ ልክ ሥር ይኖራል።  ሃያ ሁለት ዓመት ሾፌር ለነበረ ወንድም፣ እኔም እነዳለሁ ተብሎ እንዴት ይነገራል?

ሦስት ሰዓት ላይ አብረው ወጡ። ጋሼ የሾፌርነት ዘመኑን ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል፤ መሥሪያ ቤቱ መኪኖቹን ሸጦ ሾፌሮቹን ካሰናበተ ስምንት ዓመት አልፎታል፣ ጃኬቱ ግን ዛሬም በየሳምንቱ ይተኮሳል። የመሣሪያ ቦርሳዋን አይቶ ይሄ ደግሞ ለምንሽ ነው ቢላት፣ ልምድ ሆኖብኝ ነው አለችው። ታክሲ ውስጥ ስለ ዳይሬክተሩ መኪና አወራላት። ነጭ ደብል ጋቢና ነበር፣ አቧራ የማያውቅ፤ ዳይሬክተሩ ራሳቸው አንድ እሑድ ቁልፉን ቢጠይቁት "ጌታዬ፣ ቁልፍና የጥርስ ብሩሽ አይዋስም" ብሎ እንዴት እንደመለሳቸው። ይህን ታሪክ ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምታዋለች፤ ሲያወራው ፊቱ ስለሚበራ ግን ዛሬም ፈገግ አለችለት። ገመዱ ላይ የተሰጣውን ሁለቱም አይተዋል፤ ሁለቱም አላነሱትም። ከዚያ በኋላ እስኪወርዱ ድረስ ጋሼ በመስኮት መንገዱን፣ እሷ ደግሞ የተጠረገውን ጫማውን ሲያዩ ቆዩ።

የመኪና መሸጫው ግቢ ሲሚንቶ የተለሰነ ሰፊ ሜዳ ነው፤ መኪኖቹ ታጥበው፣ ጎማቸው ጥቁር ተቀብቶ ተደርድረዋል። ደላላው ጋሼን ገና ከሩቅ ሲያይ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ። ቅቤ አንጓች ነገር ነበር፤ የጋሼን ጃኬት አደነቀ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ገዢ በዓመት አንድ ቢመጣ ነው አለ። ለእሷ አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀላትና ከዚያ በኋላ ያለውን ንግግር ሁሉ ለወንድሟ አደረገው። መኪናው እንደተፈራው ነጭ ነበር፤ ዋጋው ያላትን ሁሉ ጠራርጎ ለሰኞ ሲሚንቶ መግዣ እንኳ የማያስተርፍ። ጋሼ በሩን ከፍቶ ገባ። ወንበሩን አንድ ነጥብ ወደ ኋላ ገፋ፣ ስፖኪዮውን አስተካከለ፣ መሪውን በሁለት እጁ ያዘና ዝም ብሎ ወደፊት ተመለከተ። ትከሻው ቀና አለ። ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ የሚውለው ሰውዬ ጠፍቶ ያ የድሮው ወንድሟ ተመልሶ መጣ። ይህን ባታይ ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር።

በሊትር ስንት እንደሚሄድ ጠየቀች። ደላላው ወደ ጋሼ እየሳቀ፣ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ነዳጅ አይጠይቅም አለ። እውነቱን የተናገረው ጋሼ ነው፤ ስለ ነዳጅ መዋሸት ለሙያው ነውር ስለሆነበት፣ ባዶውን ሰባት፣ ጭነት ከያዘ ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው አለ፤ መሪውን ግን አለቀቀም። ወደ መጋዘኑ ደርሶ መልስ ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ ወደ ስድስት ሊትር፤ ግማሽ ቀን የተንበረከከችበት ዋጋ በጢስ ማውጫው ሊወጣ ነው። ደላላው ስለ ማቀዝቀዣውና ስለ ሬዲዮው ሲቀጥል እሷ ወደ ኋላ ዞረች። ካሶኒው ደረቷ ጋ ይደርሳል። ጎማውን ረግጣ ወጣችና ቢጫውን ውሃ ልክ ከቦርሳዋ አውጥታ ከጋቢናው ጀርባ ወለሉ ላይ አግድም አስቀመጠችው።

ደላላው ንግግሩን አቋርጦ፣ "ምን እየሠራሽ ነው እህቴ?" አላት።

"ወለል እያየሁ ነው" አለች። "የማውቀው እሱን ነው።"

ጋሼ በስፖኪዮው ውስጥ አያት። ጠዋት የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት እንደነበረ የገባው ያኔ ነው፤ እጆቹ ከመሪው ላይ ቀስ ብለው ወረዱ። እሷ ግን ወንድሟን አላየችም፤ የምታየው በብርጭቆው ውስጥ የምትንሳፈፈውን አረፋ ነው። ከፊት በኩል አረፋዋ በሁለቱ መስመሮች መካከል ልክ ገብታ ቆመች። ውሃ ልኩን አንስታ ወደ ኋለኛው ጠርዝ ወሰደችው፤ አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። እንደገና ፊት፣ እንደገና ኋላ፤ ያው ነው። የካሶኒው ፊትና ኋላ አልተስማሙም። ደላላው የጎማ ንፋስ ነው አለ፤ ቀጥሎ መሬቱ ነው አለ። እንግዲያውስ አዙርልኝ አለችው። መኪናው ዞሮ በተቃራኒው ቆመ፤ መሬቱ ቢሆን ኖሮ አረፋዋ አሁን ወደ መኪናው ቀኝ በሸሸች ነበር፣ እሷ ግን አሁንም ወደዚያው ወደ መኪናው ግራ ሸሸች። አንጣፊዋ ወርዳ፣ የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ፣ ከሥር ተመለከተች። በግራ በኩል የመኪናው አጥንት የሆነው ሻንሲ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ርዝመት አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሌላው ሁሉ አቧራና ዝገት ነው፤ ያ ቦታ ብቻ ያብለጨልጫል።

ጋሼ ወርዶ ጃኬቱን አወለቀና አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። በጀርባው ተኝቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ከውጭ የሚታየው የተጠረገው ጫማው ብቻ ነበር። ሲወጣ ጣቱ ላይ ጥቁር ቀለም ነበረ፣ ገና በደንብ ያልደረቀ። አንድ ጊዜ ተሰብሮ የተበየደ ሻንሲ ሲሚንቶ ተጭኖበት ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን፣ ለሌላ ሰው ቢሆን እሱ ራሱ ነበር የሚያስተምረው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ብየዳው ጥሩ ብየዳ ነው፣ ያልተበየደ መኪናም የለም አለ፤ ያለው ግን ወደ መሬት እያየ ነው። ከዚያ ክንዷን ይዞ ትንሽ ፈቀቅ አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሚጣ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።"

"ቃልህን ሰጥተሃል ጋሼ" አለችው። "ገንዘቤን ግን እኔ አልሰጠሁም።"

ውሃ ልኩን ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ በሩ ሄደች። ዓይኑን በጨው የታጠበው ደላላ ከኋላ ዋጋ መቀነስ ጀመረ፤ በሩ ጋ እስክትደርስ ሦስት ጊዜ ቀነሰ። ጋሼን ከሁሉም በላይ የጎዳው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደላላውን ሻይ እየጋበዘ ሲከራከርበት ንቅንቅ ያላለው ዋጋ በሠላሳ እርምጃ ውስጥ ተናደ።

ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትታ ዳገቱን ያዘች።  በዕድሜዋ ሰው ፊት እምቢ ያለችው ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደግሞም ማንን? ጀርባው ላይ አዝሎ ያሳደጋትን። ዞራ ይቅርታ ልትለው ሁለት ጊዜ ቃጣት፤ ሁለቱንም ጊዜ ያቺ ወደ ግራ የሸሸች አረፋ ትዝ አለቻትና ቀጠለች። ጋሼ ጃኬቱን በክንዱ ይዞ፣ ዐሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላታል። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚለውን ተረት እትዬ ለሌላ ሰው ስትተርት አንጣፊዋ ትስቅ ነበር፤ ድስቱ ሳይጣድ መድረሷን አስባ ትንሽ ቀለላት።

ዳገቱ አናት ላይ ከሦስት ዓመት በፊት ወለሉን ያነጠፈችለት ዳቦ ቤት አለ። ዳቦ ጋጋሪው ሳንባው የዱቄት ብናኝ አልችል ስላለው ሥራውን ለሌላ ሰው እያስረከበ ነበር፤ በሩ ላይ ያቆማት ትንሽ የጭነት መኪና መስታወት ላይ "ይሸጣል" የሚል ወረቀት ከለጠፈ ሁለት ሳምንቱ ነው። አንጣፊዋ ሁለቱን ሳምንት በዚያ ባለፈች ቁጥር በዓይኗ ሰርቃ ታያት ነበር። ሰማያዊ ቀለሟ የገረጣ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ባለ አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር፣ ካሶኒዋ ከጉልበት ብዙም የማይበልጥ። በስንጥቋ ሁሉ ዱቄት ገብቷል፤ በሯ ሲዘጋ ነጭ ብናኝ ትተፋለች። ጋሼ አያትና ፊቱን አዞረ። ዳቦ ጋጋሪው ጉድለቷን ከዋጋዋ በፊት ነገራቸው፤ ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ ትንጫጫለች፣ የግራው በር ከውስጥ አይከፈትም፣ ዝናብ ሲዘንብ መጥረጊያዋ ከሾፌሩ ይልቅ ለተሳፋሪው ታዳላለች። ስምንት ዓመት በየቀኑ ስድስት ኩንታል ዱቄት ጭኖባታል። ዋጋዋን ሲነግራቸው ከነጩ በሲሶ ታንስ ነበር። ባለሙያዋ፣ ሳትፈትኚ እንዳትገዢ አላት፤ እሱ ሁልጊዜ የሚጠራት እንደዚህ ነው።

ውሃ ልኩ ፊትም ኋላም አንድ ቃል ተናገረ። ከሥር ስታይ ዝገት እንጂ አዲስ ቀለም የለም። ከመጋዘኑ የሰኞውን ዕቃ ጭነሽ አምጪባት፣ እኔ መኪናዬን አውቃታለሁ፣ እናንተ ሂዱ አለና ዳቦ ጋጋሪው ቁልፉን አወጣ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ ጋሼ ሳያስበው በሾፌሩ በር በኩል ዞሮ እጁን ዘረጋ። አንጣፊዋ ከቦርሳዋ ላስቲኩን አወጣች፣ ፈታችና ካርዱን ለዳቦ ጋጋሪው አሳየችው። ቁልፉ በጋሼ እጅ ፊት አልፎ እሷ መዳፍ ላይ አረፈ። ጋሼ ካርዱን ተቀብሎ ፎቶዋን አየ፣ ቀኑን አነበበ፣ ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር አየ። "አራት ወር" አለ። ካርዱን መልሶላት በሌላኛው በር ዞሮ ገባ።

ማደያው ጋ ሲደርሱ ከዝምታው ያወጣው ሙያው ነው። ነዳጅ መለካት ከፈለግሽ በሰው ወሬ አይደለም፣ አፉ ድረስ ሞልተሽ ትነጂያለሽ፣ ስትመለሺ በዚሁ መቅጃ እንደገና አፉ ድረስ ትሞያለሽ፣ የጨመርሽው የጠጣችው ነው አላት። እንዳለው አደረገች። ባዶዋን ስትሄድ ዳቦ ጋጋሪው እንደነገራቸው በሁለተኛ ማርሽ ተንጫጫች፤ ጋሼ እግሩ ሥር የሌለውን ፍሬን በየመታጠፊያው ይረግጣል። መጋዘኑ ጋ ጃኬቱን ካሶኒው ማዕዘን ላይ ሰቅሎ አብሯት ጫነ፤ ዐሥራ ሁለት ካርቶን ሴራሚክ፣ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ስድስት መቶ ኪሎ። ወዛደር አልጠሩም። በጎማውና በካሶኒው መካከል አራት ጣት ቀረ፤ በሜትሯ ለካችው።

በመመለሻው ዳገት ላይ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ከኋላቸው አንድ ትልቅ መኪና ጥሩምባ ነፋባቸው። ጋሼ ወደ አንደኛ መልሺ ሊል አፉን ሲከፍት እሷ ፍሪሲዮኑን ረግጣ መልሳ ነበር፤ መኪናዋ ትንፋሿን ሰብስባ፣ በዝግታ፣ ሳትቆም ወጣች። ጥሩምባ የሚነፋው ነፋ፤ እሷም በራሷ ፍጥነት ወጣች። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። ማሠልጠኛ አለችው፤ ከዚያ ግን ውሸት ስለመሰላት፣ ከዚያ በፊት አንተ፣ ከትምህርት ቤት ስትመልሰኝ እግርህን ሳይ ነበር አለች። ጋሼ መስኮቱን አወረደ። የሆነ ነገር ዓይኑ ውስጥ የገባ ይመስል ረጅም ጊዜ ወደ ውጭ አየ። ማደያው ላይ አፉ ድረስ ሲሞላ ቁጥሩ ሁለት ሊትር ተኩል ላይ ቆመ፤ በሊትር ከዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ጋሼ ቁጥሩን ቆሞ አየውና "ዳይሬክተሩ ይህን ከቢሯቸው ሳይወጡ ይጨርሱት ነበር" አለ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሳቁት ያኔ ነው።

ውሉን የጻፉት የዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው። ዳቦ ጋጋሪው እስክሪብቶውን አንስቶ "በማን ስም ይሁን?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ለማንም ተለይቶ አልነበረም። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ያይ ነበር፤ ሦስት ዓመት የዱቄት ጋሪ የተመላለሰበት፣ አንዱ ከአንዱ ሳይበላለጥ፣ አንዱ ሳይሰነጠቅ የተኛ ሴራሚክ። ማን እንዳነጠፈው አልጠየቀም። አንጣፊዋ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ተናገረች፤ እየተጻፈ ሳለም ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ እያንዳንዱን ፊደል ተከተለች። ለምስክርነት አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር። ጋሼ እስክሪብቶውን ወሰደና፣ የጠዋቱ ጥቁር ቀለም ባልለቀቀው ጣቱ፣ ፈረመ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግቢው በር ላይ ስትቆም እትዬ ሁለቱንም የበር ክንፎች ከፍታ ትጠብቅ ነበር፤ ለሰፊ መኪና የተዘጋጀ አከፋፈት ነው። በክፍቱ መካከል ትንሿ ሰማያዊ መኪና ከነሲሚንቶዋ ገባች። እትዬ አንድ ጊዜ መኪናዋን፣ አንድ ጊዜ ከተሳፋሪው በኩል የሚወርደውን ባሏን አየች። "ይሄ ነው?" አለች። "ስንት ሰው ነው የሚይዘው?"

"ሁለት ሰውና ስድስት መቶ ኪሎ" አለች አንጣፊዋ።

እትዬ ወደ ባሏ ዞረች፤ ባሏ ደግሞ በሩን መዝጋት ጀመረ። አንጣፊዋ ቀጥታ ወደ ገመዱ ሄደች። ልብሶቹ ደርቀዋል። አምስቱንም አወረደች። ሁለቱን ወንበሮቹ ላይ አለበሰች፤ ትንሽ ሰፍተዋል፣ የተረፈውን ወደ ሥር አጠፈችው፣ አላስጠላም። ሦስቱን ይዛ የክፍሏ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ መቁረጫ ቢላዋን አወጣችና የመጀመሪያውን መካከሉ ላይ ሰነጠቀችው። ስፖንጁ ወፍራም ነው፤ ሁለት እጥፍ አድርጋ በቀዩ ክር ካሰረችው ለጉልበት ማሳረፊያ የሚሆን ነገር ይወጣዋል። ይህን ጠዋት ገና ስታያቸው አላሰበችውም ነበር፤ ዳገቱ ላይ ነው የመጣላት። እትዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሼ ቀረብ ብሎ ቆመ።

"ውድ ዕቃ ነው እኮ" አለ።

"ጉልበቴም ውድ ነው" አለች፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

 እትዬ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ መስኮቱንም ከውስጥ ዘጋችው። ጋሼ የሚሄድ መስሎ ሄዶ ተመለሰ፤ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት፣ የፊት ጎማዋን በጫማው ነካ አደረገ፣ ከካሶኒው ላይ ጃኬቱን አንስቶ ዱቄቱን አራገፈ። ዝናብ ሳይመጣ ሲሚንቶው ከጣሪያው ሥር መግባት እንዳለበት ተናገረ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

"በይ ቁልፉን ስጪኝ፣ እኔ ላስጠጋው።"

ቁልፉ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም። ቢላዋውን አስቀምጣ ተነሣች፣ ጉልበቷ ጮኸ፣ ሽርጧን አራገፈች።

"ቁልፍና የጥርስ ብሩሽ አይዋስም" አለችው። "እኔው አስጠጋዋለሁ። ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ፤ የጎኑ ወንበር ባዶ ነው።"

ጋሼ የተዘረጋውን እጁን አየው። ከዚያ ወደ ኋላ አምስት እርምጃ ሄዶ ጣሪያው ሥር ቆመ፤ በዚያችው እጁም ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ እያለ መንገድ ያሳያት ጀመር። አስጠግታ ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችና ወደ ደጃፏ ተመልሳ ሁለተኛውን የወንበር ልብስ መቁረጥ ጀመረች።